ወረሰ

ቂርያት ጋት። ሦስተኛ ፎቅ፣ የጠበቃዋ ቢሮ፤
ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ይመልሳል አዙሮ።
እኛ ሦስት እህትማማች፣ ወረቀቱ መሐል፤
«የሟች ጀንበሩ ንብረት» ከላዩ ተጽፏል፦
ሁለት ክፍል፣ ጠባብ በረንዳ፣
ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የባንክ ዕዳ።
መዶሻው አልተጻፈም።
እሱን ማንም አልጠየቀም።

አጎቴ በስልክ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል፦
«ወንድ አልወለደ፤ ስሙ እዚህ ያበቃል።»
ታላቃችን አዝመራ ስልኩን ጠጋ አለችው፣
እንደ ችሎት ቆማ እንዲህ መለሰችው፦
«በምድረ በዳ እኮ፣ ከድንኳኑ ደጃፍ፣
ወንድም የሌላቸው ሴቶች ቆመው በሰልፍ
የአባታቸው ስም እንዳይጠፋ ቢሟገቱ፣
ሕጉ ዞሮ ሰማ፤ ረቱ።»
አጎቴ ዝም አለ። ወይ መስመሩ ተቋረጠ።

ኖጋ፣ ጠበቃዋ፣ መነጽሯን አውልቃ፣
«መሬቱን ግን» አለች፣ ቃሏን ጠንቅቃ፣
«መሬቱን አትወርሱም። ሊዝ ነው፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት።»
ታናሻችን ስንዱ ሳቀች በድንገት፦
«ኀምሳ ቢሞላማ ቀንደ መለከት ሊነፋ!
የሸጠ ሊመለስ፣ ዕዳም ሊጠፋ!»
ጠበቃዋ አልሳቀችም። ቅጹን ገለበጠች።
እኔ ግን አሰብኩት፦
ርስቱን የሰጠው ራሱ፣ ገና ቁልፉን ሳያቀብል፣
ከውሉ ግርጌ ጽፏል፣ «እንግዶቼ ናችሁ» የሚል።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ከጎንደር ወደ ላይ፤
ማረሻ ይሠራል፤ የሚያርሱበት ሌሎች ናቸው፤
እሱና አባቶቹ ርስት የሌላቸው።
የወጣላቸውም ስም ከዚያው ነው፦ የፈለሰ፣
አገሩ ተቀምጦ አገር ያልደረሰ።

እዚህ ከመጣን በኋላ፣ በሰንበት ማግስት፣ በአውቶቡስ ስንሄድ፣
የመንገድ ምልክት አየ፤ እየቆጠረ አነበበ፦ «ማ፣ ሬ፣ ሻ»።
ሳቀ። «ማረሻ! የእጄ ሥራ ቀድማኝ መጥታ፣
ኮረብታ ላይ ወጥታ፣ ከተማ ሆና ተቀምጣ!»
ወርደን ወጣን። ፍርስራሽ ናት።
በጥንት ዘመን አንድ ነቢይ
ወራሽ ይመጣብሻል ብሎ እንደ ዛተባት ነገርኩት።
አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
«ይመጣልሻል ነው ወይስ ይመጣብሻል?»
«ይመጣብሻል።»
«እህ» አለ። «አንዲት ፊደል ናት እንግዲህ።
ለአንዱ የመጣለት፣
በአንዱ ላይ ነው የመጣበት።»

ልጅ የአባቱን ወረሰ።
መንግሥት ትርፍ ቤት ወረሰ።
ዳዋ ደጁን ወረሰ።
ያለበሰውም የገፈፈውም ያው አንድ ግስ።
በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤
ይህን ስታስረዳን የመምህሬ ድምፅ አነሰ።

ስንወርድ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የቁልቋል አጥር፤
ውስጡ ምንም የለም፣ ከአንድ ጉድጓድና ከበር ደፍ በቀር።
«ይኼስ የማን ነው?» አለ።
«የማንም» አልኩት።
«የማንም ያልሆነ ነገር አጥር የለውም» አለ፤
እስከ ቤት ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ፈረምን። ቤቱ ለአዝመራ፣ ዕዳው ለሦስታችን፤
መዶሻው ለእኔ።
አውቶቡስ ጣቢያ በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዬን በረበረ፤
አነሣው፣ መዘነው፣ እጀታውን ጨበጠ።
የአባቴ መዳፍ በአርባ ዓመት የፈለፈለው ሥርጉድ
ለእሱም ጣት ልክ ሆነ።
«የማን ነው?» አለኝ።
«ለጊዜው» አልኩት፣
«እኔ ዘንድ ነው ያለው።»